ምን ልጫን? ስለ ምርጥ ተከታታይ ድራማዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ «ፊልም ያውቃል» የሚል ስም ከወጣላችሁ መንገዱ በሰላም አያልቅላችሁም። ከፒያሳ ሸዋ በር እስክደርስ ቢያንስ አንድ ሰው ፍላሹን ከኪሱ አውጥቶ «ምን ልጫን?» ይለኛል። ጥያቄው ያው ነው፤ መልሴም ያው ሆኗል። ስለዚህ እዚህ ልጻፈውና ልረፍ።

የማወራው በየሳምንቱ ቁጭ ተብሎ ስለሚጠበቅ ድራማ አይደለም። ድሮ በዲቪዲ ካርቶን ሙሉው ይሸጥ ስለነበረው፣ አሁን በፍላሽና በሃርድ ዲስክ ስለሚዞረው፣ ከአንድ እስከ መጨረሻ በራሳችሁ ሰዓት ስለምታዩት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የእኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እጨምራለሁ።

ጀማሪ ነኝ። በየትኛው ልጀምር?

መጀመሪያ ጊዜያችሁን እዩ። ሁለት ምሽት ብቻ ያለው ሠራተኛና ክረምቱን ሙሉ ቤት የሚውል ተማሪ አንድ ዓይነት ፊልም አይጭኑም።

ሁለት ምሽት ላለው «ቸርኖቤል» ይበቃዋል። አምስት ክፍል ብቻ ነው። ታች ላይ እመለስበታለሁ።

ጊዜ ላለው «ብሬኪንግ ባድ»። ከ2008 እስከ 2013 የተላለፈ፣ አምስት ሲዝን፣ 62 ክፍል። አንድ የኬሚስትሪ አስተማሪ ካንሰር እንዳለበት ይነገረዋል። ለቤተሰቡ ገንዘብ ጥሎ ለማለፍ ብሎ አደንዛዥ ዕፅ መሥራት ይጀምራል። ሲከፈት በረሃ ላይ አንድ ሱሪ በአየር ሲንሳፈፍ ታያላችሁ። ቀጥሎ የውስጥ ሱሪ ብቻ የለበሰ፣ የጋዝ ጭንብል ያጠለቀ ጎልማሳ መኪና እያበረረ ይመጣል። ይሄን አይቶ «ቆይ፣ ምን ሆኖ ነው?» የማይል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ለእኔ ግን ከዚያ የሚበልጠው የመኪና እጥበቱ ነው። ሰውዬው ደሞዙ አልበቃ ስላለው ከትምህርት ቤት ወጥቶ መኪና እጥበት ይሠራል። ተንበርክኮ ጎማ ሲያጥብ መኪናው የራሱ ተማሪ ሆኖ ይገኛል። ልጁም ቆሞ ይቀልድበታል። አስተማሪ ያለበት ቤት ይቺን ቦታ ዝም ብሎ አያልፋትም። አንድ አስተማሪ ጎረቤቴ እዚህ ላይ ሲደርስ «አጥፋው» አለኝ። ወዲያው ደግሞ «ተወው፣ ቀጥል» አለ። በሳምንቱ ሁለተኛውን ሲዝን ሊወስድ መጣ።

ለጀማሪም ለነባርም የምነግረው አንድ ነገር አለ፦ ያለቀ ድራማ ምረጡ። ገና እየተሠራ ያለውን ድራማ የጻፉት ሰዎች ራሳቸው መጨረሻውን ላያውቁት ይችላሉ። ተመልካች ከቀነሰ ይቋረጣል። ተመልካች ከበዛ ደግሞ ይለጠጣል። ያለቀውን ግን ሰው አይቶ ፈርዶበታል፤ እናንተ የምታዩት አልቆ፣ ተመዝኖ የወጣ ሥራ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ከሞላ ጎደል ሁሉም ያለቁ ናቸው።

«ዘ ዋየር» ከሁሉም ይበልጣል ይባላል። እኔ ግን ሁለተኛው ክፍል ላይ ተኛሁ። ልተወው?

አትተወው። ግን በእሱ አትጀምር። የሌሎቹን ለምደህ ስትጨርስ ወደ እሱ ና።

በ2002 ተጀምሮ በ2008 አለቀ። አምስት ሲዝን፣ 60 ክፍል። የጻፈው ዴቪድ ሳይመን ባልቲሞር የምትባል ከተማ ውስጥ የፖሊስ ዜና የሚሠራ ጋዜጠኛ ነበር። አብሮት የጻፈው ኤድ በርንስ ደግሞ እዚያው ከተማ መርማሪ ፖሊስ ነበር፤ ከዚያ ለቆ አስተማሪ ሆነ። የሚያውቁትን ነው የጻፉት። የሚያስተኛውም ይኸው ነው። ለማያውቅ ሰው ብለው ቆም ብለው አያስረዱም። ስም በስም ላይ ይደራረባል። የሰፈሩ ልጆች የሚናገሩት እንግሊዝኛ ለአሜሪካኖቹም ይከብዳል። «እዚህ ጋ እዘኑ» ብሎ ከጀርባ የሚገባ ሙዚቃም የለም ማለት ይቻላል።

እያንዳንዱ ሲዝን የከተማዋን አንድ ጓዳ ይከፍታል። አንደኛው ዕፅ ሻጮችንና ፖሊሶችን፣ ሁለተኛው ወደቡን፣ ሦስተኛው ፖለቲካውን፣ አራተኛው ትምህርት ቤቱን፣ አምስተኛው ጋዜጣውን። ብዙ ሰው ሁለተኛው ላይ ያቆማል። የለመዳቸውን ልጆች ትቶ ወደብ ላይ ሥራ ያጡ ሰዎችን መከተል ስለሚጀምር ይናደዳል። ታገሱ። አራተኛው ላይ አራት ልጆች ታገኛላችሁ፤ የአሥራ ሦስት፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጆች ናቸው። አንዱ ቤቱ ውሃ የለውም፣ ልብሱን የሚያጥብለት የለም። አስተማሪው ይህን ሳያወራ፣ ልጁን ሳያሳፍር፣ ትምህርት ቤት ውስጥ እንዲታጠብና ልብሱ እንዲታጠብለት ያመቻችለታል። ከዚህ የተሻለ ስለ ትምህርት ቤት የተሠራ ነገር አላየሁም።

መፈተኛ ከፈለጋችሁ የአንደኛው ሲዝን ሦስተኛ ክፍል ነው። ግቢ ውስጥ በተጣለ አሮጌ ሶፋ አጠገብ ሁለት ልጆች የቼዝ ጠጠር ይዘው ዳማ ይጫወታሉ። ከእነሱ በዕድሜም በሥራም ከፍ የሚለው ልጅ መጥቶ «ይሄ እኮ ዳማ አይደለም» ይላቸዋል። ንጉሡ የቱ እንደሆነ፣ ንግሥቲቱ ምን ማድረግ እንደምትችል ያሳያቸዋል። ከፊት የቆሙት ትናንሾቹ ወታደሮች ደግሞ ቶሎ ቶሎ እንደሚበሉ ይነግራቸዋል። አንዱ ልጅ «እስከ ዳር የደረሰ እንደሆነስ?» ብሎ ይከራከራል። ሦስቱም ስለ ጨዋታው እያወሩ እንዳልሆነ እናንተም ይገባችኋል፣ እነሱም ይገባቸዋል። ይህን አይታችሁ ካልያዛችሁ ያን ጊዜ ተዉት፤ አልፈርድም።

በነገራችን ላይ ይህ ሁሉ የሚወራለት ድራማ ኤሚ የሚባለውን ትልቁን የቴሌቪዥን ሽልማት አንድም ጊዜ አላገኘም። በጽሑፍ ሁለት ጊዜ ታጭቶ ሁለቴም ቀረ። ስንት ሽልማት እንደወሰደ አይታችሁ የምትመርጡ ሰዎች ይቺን ያዙልኝ።

ሳሎን ተቀምጠን ከነእናት ከነአባት የምናየው አለ?

ይህ ጥያቄ ነው በብዛት የሚመጣው። ወሎ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ያለው ሳሎን ነው፤ ሳሎኑ ደግሞ የቤተሰቡም የጎረቤቱም ነው። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተጠርቶ «ጌም ኦፍ ትሮንስ» የከፈተ ልጅ አውቃለሁ። ሪሞቱን ሲፈልግ ከትራሱ ስር እስኪያገኘው ድረስ የሆነውን ለእናንተ ልተወው። ይህን ተከታታይ ብቻችሁን እዩት። ስለ አንድ አሜሪካዊ የማፍያ አለቃና ቤተሰቡ የሆነው «ሶፕራኖስ»ም እንደዚሁ።

ለሳሎን የምመክረው አንደኛ የኮሪያው «ጁወል ኢን ዘ ፓላስ» ነው። በ2003 የተጀመረ፣ 54 ክፍል። በጥንቱ ኮሪያ ቤተ መንግሥት ማዕድ ቤት ያደገች ወላጅ አልባ ልጅ፣ ወጥ ከመሥራት ተነስታ የንጉሡ ሐኪም እስክትሆን ያለውን ያሳያል። ግማሹ ምግብ ነው። ቅመም ሲቀመም፣ ሾርባ ሲቀመስ፣ ሴቶቹ ሲቀናኑ። እናቶች ይህን ሲያዩ ሰብታይትል አይጠይቁም፤ ማን እንደቀና፣ ማን ተንኮል እንደሠራ ከፊታቸው ያነቡታል።

ሁለተኛ «ዳውንተን አቢ»። የእንግሊዝ ነው፣ ከ2010 እስከ 2015፣ ስድስት ሲዝን፣ 52 ክፍል። ላይ ፎቅ ጌቶቹ፣ ታች አሽከሮቹ። ታይታኒክ ሰጠመች የሚል ዜና በሚደርስበት ጠዋት ይጀምራል። ለጌታው ከመቅረቡ በፊት ጋዜጣው በካውያ ሲተኮስ ታያላችሁ፤ ቀለሙ እጁን እንዳያጠቁርበት ነው። ጥቂት ቦታ ላይ ግን ሪሞቱ እጃችሁ ላይ ይሁን።

«ዘ ክራውን»ም ለቤተሰብ ይሆናል። ስድስት ሲዝን፣ 60 ክፍል፣ የንግሥት ኤልሳቤጥ ታሪክ ነው። ሁለተኛው ሲዝን ላይ ጋና ሄዳ ከክዋሜ ንክሩማ ጋር ስትደንስ የሚያሳየው ክፍል አለ። አባቶች እሱን ይወዱታል። ዳንሱ በ1961 በእውነት የተደረገ ነው፤ በዙሪያው ያለው ወሬ ግን ብዙው የድራማ ነው።

ሙስሊም ቤተሰብ ከሆናችሁ በ2012 ረመዳን የተላለፈው የዐረብኛው «ዑመር» አለ። የሶሪያዊው ሃቲም ዐሊ ሥራ ነው። የሁለተኛውን ኸሊፋ ሕይወት ይከተላል፤ ወደ ሐበሻ የተሰደዱት ሶሓቦችና ነጃሺም አሉበት። ሶሓቦችን በተዋናይ ማሳየት አይገባም ብለው የተቃወሙት ዑለሞች ግን ብዙ ናቸው። አያት ወይም ሼኽ አጎት ያለበት ቤት ከሆነ አስቀድሞ መጠየቁ ይሻላል።

ኤርቱግሩል ስንት ክፍል ነው? አንዱ ሱቅ 150 ይለኛል፣ ሌላው 448።

ሁለቱም አልዋሹም። የቱርኩ ቲአርቲ ከ2014 መጨረሻ እስከ 2019 ሲያስተላልፈው አምስት ሲዝን፣ 150 ክፍል ነበር። ግን አንዱ ክፍል ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ኔትፍሊክስ ሲወስደው እያንዳንዱን ቆራርጦ 448 አደረገው። ታሪኩ አንድ ነው፤ ቁርጡ ነው የተለየው።

ስለዚህ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ግማሹን ከአንድ ሱቅ፣ ግማሹን ከሌላ አትጫኑ። ከ150ው ላይ ሠላሳኛውን ጨርሳችሁ ከ448ቱ ሠላሳ አንደኛውን ብትከፍቱ የሞተው ሰው ፈረስ ላይ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ።

ኮምቦልቻ ያለች አክስቴ በዚህ ድራማ የተነሳ ማታ ማታ ስልክ አታነሳም። ልጆቿ ቱርክኛ ሰላምታ ተምረዋል። የድንኳኑ ሕይወት፣ በጉ፣ ምንጣፉ፣ የሽማግሌ ምክር፣ ይህ ሁሉ ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። ለዚያም ይመስለኛል እንዲህ የገባው። ሆኖም እንደ ታሪክ መጽሐፍ አትያዙት። ኤርቱግሩል የኦቶማን መንግሥት መሥራች የዑስማን አባት መሆኑ ይታወቃል፤ ከዚያ ውጭ ስለ ሰውዬው በእርግጠኝነት የተጻፈው በጣም ጥቂት ነው። ያ ሁሉ ሰይፍና ሴራ የደራሲዎቹ ነው።

የእኔን ከጠየቃችሁኝ፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሲዝኖች ግሩም ናቸው። ከዚያ በኋላ ያው ክህደት፣ ያው እስር፣ ያው ማምለጥ ይደጋገማል። ይህን ለአክስቴ አትንገሩብኝ።

በአማርኛ የተተረጎመ ይሻላል ወይስ በሰብታይትል?

እንደ ሰዉ ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2016 ሲጀምር የውጭ ድራማን በአማርኛ ድምፅ ማየት ሳሎናችንን ገለበጠው። የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ሥራችንን ይገድላል ብለው ሲቃወሙ ነበር፤ ስጋታቸውም ከሜዳ የመጣ አልነበረም። ግን ማንበብ የማይችሉ እናቶችና አያቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ከሌላው ሰው እኩል የውጭ ድራማ የተከታተሉት በዚያ ነው።

ብቻዬን ሳይ ግን ሰብታይትል እመርጣለሁ። ትወና ግማሹ ድምፅ ነው። ቶኒ ሶፕራኖ ሲተነፍስ የሚሰማውን ያንን ከባድ የአፍንጫ ድምፅ ማንም አይተረጉመውም። አንድ ሰው ሁሉንም ገጸ ባሕርይ እየተረከ የሚያልፍበት የድሮው «ትርጉም ፊልም» ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ለሳቅ ይሆናል፤ ለድራማ አይሆንም።

ሰብታይትሉ ከድምፁ ቀደመ ወይም ዘገየ ብላችሁ ፊልሙን አትጣሉ። ኮምፒውተር ላይ ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ስታዩ ከእንግሊዝኛው ሰሌዳ «ጂ» እና «ኤች» ፊደሎችን ንኩ። አንዱ ጽሑፉን ያስቀድመዋል፣ አንዱ ያዘገየዋል። እየነካካችሁ አፍ ከጽሑፍ ሲገጥም አቁሙ። ቴሌቪዥን ላይ ሰብታይትል ካልታየ ደግሞ የጽሑፉ ፋይልና የፊልሙ ፋይል ስማቸው አንድ መሆኑን እዩ። አንድ ነጥብ ብትለያይ አያነበውም።

እንግሊዝኛ ለማሻሻል የሚሆነውስ?

«ዘ ክራውን» እና «ዳውንተን አቢ»። ቀስ ብለው፣ ቃሉን ጨርሰው ይናገራሉ። በእንግሊዝኛ ሰብታይትል እዩዋቸው፣ በአማርኛ አይደለም። በ«ዘ ዋየር» እንግሊዝኛ የተማረ ልጅ ፈተና ላይ ይወድቃል።

የአገራችን ድራማዎች ከእነዚህ ጋር ይሰለፋሉ?

አንዳንዶቹ አዎ። «ሰው ለሰው» በኢቲቪ በሚተላለፍበት ጊዜ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ የአገር ጠላት ሆኖ ነበር። ክፉ ሰው ሲያዩ «አስናቀ» ማለት ተለመደ። ያን ያህል የተጠላ ገጸ ባሕርይ መፍጠር ቀልድ አይደለም። «ሶፕራኖስ»ም የቆመው በዚሁ ላይ ነው፤ ክፉ መሆኑን እያወቅህ ዓይንህን ከሱ አለማንሳት።

ከቅርቦቹ «እረኛዬ»ን ያላየ ሰው ካለ አሁኑኑ ይጀምር። በአርትስ ቲቪ የተላለፈ ነው፤ ዩቲዩብ ላይም አለ። ገጠሩን እንደ መሳለቂያ ወይም እንደ ፖስታ ካርድ አላሳየም። ሰዎቹ ሲናገሩ አማርኛቸው ይጣፍጣል። ዝም ሲሉም ካሜራው አይቸኩልም። የእኛ ድራማ ሲወቀስ ሁልጊዜ የሚነሳው «አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ያወሩታል» የሚለው ነው፤ እሱ ላይ ይህ ወቀሳ አይሠራም።

የአገር ቤቱን የቤተሰብና የውርስ ጣጣ የምትወዱ ከሆነ ከውጭው «ሰክሴሽን»ን ጨምሩበት። ከ2018 እስከ 2023፣ አራት ሲዝን፣ 39 ክፍል። ሀብታም አባት አለ፤ አልጋውን ለማን እንደሚያወርስ አይናገርም። ልጆቹ እርስ በርስ ይበላላሉ። የመሬት ውርስ ክርክር ላይ ሽማግሌ ሆኖ የተቀመጠ ሰው ሁሉንም ገጸ ባሕርያት ያውቃቸዋል። ገንዘባቸው በቢሊዮን ከመሆኑ በቀር ጭቅጭቁ ያው ነው። ስድቡ ብዙ ስለሆነ ለሳሎን አይሆንም።

እውነተኛ ታሪክ ነው የምወደው። ምን አለ?

«ቸርኖቤል»። ለዚህ ጥያቄ ሌላ መልስ የለኝም።

ኤፕሪል 26 ቀን 1986፣ ያኔ የሶቪየት ኅብረት አካል በነበረችው በዩክሬን፣ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ፈነዳ። ድራማው የሚያሳየው ፍንዳታውን ብቻ አይደለም፤ ከፍንዳታው በኋላ አለቆቹ «አልፈነዳም» ሲሉ ነው። የጨረር መለኪያው 3.6 ያሳያል። «ብዙም አይደል፣ ደህና ነው» ይባላል። መለኪያው ግን ከዚያ በላይ መቁጠር ስለማይችል ነው 3.6 ላይ የቆመው። ይህን ሁሉም በልቡ ያውቃል፤ የሚናገር ግን የለም። ቢሮ ውስጥ ሠርቶ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ወንበሩ ይቆረቁረዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ዋናው ሳይንቲስት ቫለሪ ሌጋሶቭ በእውነት የነበረ ሰው ነው። አብራው የምትደክመው ሴት ሳይንቲስት ኡላና ኮምዩክ ግን ተፈጥራ የገባች ናት። ብዙ ሳይንቲስቶችን በአንድ ሰው ለመወከል ነው፤ ይህንንም መጨረሻው ላይ ራሳቸው ይገልጻሉ። ውሾቹ የሚገደሉበት አራተኛው ክፍል ለልጅ አይታይም።

ጦርነት ለሚወድ «ባንድ ኦፍ ብራዘርስ» አለ፤ 2001፣ አሥር ክፍል። ስለ አንድ የአሜሪካ ፓራሹት ጦር ክፍል ነው። ሁሉም ራስ ቁር ስለሚያደርጉ የመጀመሪያው ሁለት ክፍል ላይ ማን ማን እንደሆነ አይለይም፤ ከዚያ ይለያል። ሰይፍና ሥርዓት ለሚወድ ደግሞ ታሪኩ ጃፓን ውስጥ የሆነው የ2024ቱ የአሜሪካ «ሾጉን»። በመጀመሪያ ሲዝኑ 18 ኤሚ በአንድ ዓመት ጠራርጎ ወስዷል። ያለቀ ድራማ ምረጡ ያልኩትን እዚህ ላይ እጥሰዋለሁ፤ አሥሩ ክፍል በራሱ ሙሉ ታሪክ ነውና ምንም አይጎድላችሁም።

«ፕሪዝን ብሬክ» ጨርሻለሁ። ከዚያ በኋላ ምንም አልጥም አለኝ።

የብዙ ሰው በሽታ ነው። የስፔኑን «መኒ ሃይስት» ሞክሩ፤ እቅድ፣ መዘጋጋት፣ ማምለጥ ነው የናፈቃችሁ እንጂ እስር ቤቱ አይደለም። ከዚያ «24»። እያንዳንዱ ሲዝን አንድ ቀን፣ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ሰዓት ነው። ከሦስተኛው ሲዝን በኋላ ብታቆሙ አልቀየማችሁም። እሱም ካለቀ በኋላ ወደ «ብሬኪንግ ባድ» ኑ፤ ሩጫው ይቀንሳል፣ ጭንቀቱ ይጨምራል።

መጨረሻቸው የተበላሸ አሉ ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው። «ጌም ኦፍ ትሮንስ» ስምንት ሲዝን፣ 73 ክፍል ነው። የመጨረሻው ሲዝን ስድስት ክፍል ብቻ ሆኖ ተጣደፈ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው «እንደገና ይሠራ» ብሎ ኢንተርኔት ላይ ፈርሟል። አልተሠራም። እኔ እስከ ስድስተኛው ያለውን አይታችሁ ቀሪውን በራሳችሁ ጨርሱት እላለሁ።

«ሶፕራኖስ» ግን ሌላ ነው። ያላየ ሰው ይህን አንቀጽ ይዝለለው። ከ1999 እስከ 2007፣ ስድስት ሲዝን፣ 86 ክፍል ታይቶ የመጨረሻው ትዕይንት ምግብ ቤት ውስጥ ነው። ቤተሰቡ አንድ በአንድ ይገባል። በሩ ላይ ያለችው ደወል ባቃጨለች ቁጥር አባትየው ቀና ይላል። ልጅቷ ውጭ መኪና ማቆም አቅቷት ታቃናለች፣ ታወጣለች፣ ታቃናለች። ደወሉ ይጮሃል፣ እሱ ቀና ይላል፣ ስክሪኑ ጨለመ። ድምፅም የለም። አለቀ። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው መስመሩ የተቋረጠ መስሎት ነበር። ደሴ ቢሆን ኖሮ ሁሉም «መብራት ሄደ!» ብሎ የጎረቤትን መስኮት ያይ ነበር። ሞተ ወይስ አልሞተም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም። የተናደደ ብዙ ነው። እኔ ከሁሉም የምወደው መጨረሻ እሱ ነው።

ስንት ጊጋ ይበቃል? ቴሌቪዥኔስ ለምን አንዳንዱን አያነብም?

እንደ ጥራቱ ነው። በ720ፒ አንዱ ክፍል 400 ሜጋ ገደማ ከሆነ «ብሬኪንግ ባድ» ሙሉው 25 ጊጋ አካባቢ ይመጣል። ስለዚህ 32 ጊጋ ፍላሽ ይይዘዋል። ከዚያ በላይ ሰብሳቢ ከሆናችሁ ሃርድ ዲስክ ግዙ፤ ፍላሽ ይጠፋል፣ ይሰበራል፣ ወንድም ይወስደዋል።

«ድምፅ አለ፣ ምስል የለም» የሚለው ችግር በአብዛኛው ከፊልሙ አይደለም። ፋይሉ ኤችኢቪሲ በሚባለው አዲስ መንገድ ተጨምቆ ይሆናል፤ ቆየት ያለ ቴሌቪዥን ያንን አይፈታም። ሱቅ ስትሄዱ «ኤክስ 264 ያለውን ስጠኝ» በሉ፤ ቦታ ይበላል ግን ይከፍታል። ፍላሹ ትልቅ ፋይል አልቀበል ካለ ደግሞ ፋት 32 ሆኖ ነው፤ እሱ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይወስድም። ወደ ኤክስፋት ስትቀይሩት ውስጡ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ የሠርግ ፎቶ ካለበት መጀመሪያ አውጡት። ቴሌቪዥናችሁ ኤክስፋት የሚያነብ መሆኑንም እዩ።

ይሄ ከሱቅ የሚጫነው ግን ሕጋዊ ነው?

አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 አለ፤ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አባዝቶ መሸጥን ይከለክላል። ኔትፍሊክስ ከ2016 ጀምሮ እዚህም ይከፈታል፤ ችግሩ የውጭ ክፍያ የሚቀበል ካርድ ማግኘቱና ዳታው ነው። ካርድ ያለው ዘመድ ካላችሁ በእሱ ተጠቀሙ። የአገር ቤቱን ድራማ ግን ምንም ሰበብ የለንም። ዩቲዩብ ላይ በነፃ አስቀምጠውት ከፍላሽ ማየት ጉዳት ነው፤ የምታዩት ቁጥር ለእነሱ ገቢ ነው።

ጀመርኩት፣ አልያዘኝም። ስንት ክፍል ልታገስ?

ለ«ቸርኖቤል» አንድ። ለ«ብሬኪንግ ባድ» ሦስት። ለ«ዘ ዋየር» አራት፤ ቼዙን ካለፋችሁ በኋላ አንድ ተጨማሪ። «ሰክሴሽን» ክፉ አጀማመር ስላለው እስከ ስድስተኛው ሂዱ፤ እዚያ ላይ የቦርድ ስብሰባ አለ፣ ከሱ በኋላ የሚቆም ሰው የለም። ለ«ማድ ሜን» የምሰጠው ቁጥር የለኝም። 92 ክፍል ነው፣ በ1960ዎቹ ኒውዮርክ ስለ ማስታወቂያ ሠራተኞች ነው፣ ሲጋራ ያጨሳሉ፣ ያስባሉ፣ ምንም የሚሆን አይመስልም። ወይ መጀመሪያ ቀን ትወዱታላችሁ ወይ ለዘላለም አትወዱትም። ሙሉውን ሳትጭኑ ሁለት ክፍል ብቻ ወስዳችሁ ሞክሩት፤ ሌላው ቦታ ለሌላ ይሁን።